ሾጣጣው ጨረርና የጥርስ ምርመራ፦ ከጥላ ወደ ቅርጽ

ራጅ የምንለው ምስል በመሠረቱ ጥላ ነው። ጨረሩ ከአንድ ወገን ተነሥቶ በመንገዱ ያገኘውን ጥርስና አጥንት ሁሉ፣ የፊቱን ከኋላው ሳይለይ፣ ደራርቦ በአንድ ገጽ ላይ ያትመዋል። ሮንትገን ጨረሩን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1895 ካገኘ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1896 ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ዋልክሆፍ የራሱን ጥርስ ለማንሣት 25 ደቂቃ ያህል ጨረሩ ፊት ቆይቷል። ጊዜው ዛሬ ወደ ሰከንድ ክፍልፋይ ቢወርድም፣ የተራው ራጅ ምስል እስካሁን ጥላ ነው።

ጥላነቱ ምን ያስከትላል? በታችኛው መንጋጭላ አጥንት ውስጥ ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በጠባብ ቦይ ያልፋል። ሳይበቅል ተጋድሞ የቀረ የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ በራጅ ሲታይ ሥሩ በቦዩ ላይ ተነባብሮ ይገኛል። ነገር ግን ቦዩ ከሥሩ በስተ ምላስ ይለፍ ወይስ በስተ ጉንጭ፣ ወይስ በሥሮቹ መካከል፣ ጥላው አይናገርም። ጥርሱ ሲነቀል ነርቩ የተጎዳበት ሰው ደግሞ ከንፈሩ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዕድሜ ልክ ደንዝዞ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን መሣሪያ በዚህ ጽሑፍ «የሾጣጣ ጨረር ቶሞግራፊ» እንለዋለን። ሐውንስፊልድ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1971 በሕመምተኛ ላይ የተሞከረው ሲቲ ስካን ጭንቅላትን በቀጭን ጨረር ሽንሽን አድርጎ፣ ሽንሽኑን በተራ ያነሣል። የአሁኑ መሣሪያ ግን ጨረሩን እንደ ሾጣጣ ከፍቶ፣ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ወይም በከፊል ጭንቅላቱን ይዞራል፤ በዙሪያውም መቶዎች የሚቆጠሩ ጥላዎችን ይሰበስባል። ከእነዚህ ጥላዎች ቅርጹን መልሶ የሚገነባው የሒሳብ ስልት እ.ኤ.አ. በ1984 በፌልድካምፕ፣ በዴቪስና በክሬስ የታተመ ሲሆን፣ ሦስቱም ይሠሩ የነበረው በሆስፒታል ሳይሆን በፎርድ የመኪና ኩባንያ የምርምር ክፍል ነበር። ለጥርስ ሕክምና የተበጀውን መሣሪያ በ1998 ለዓለም ያስተዋወቁት ጣሊያናውያን ናቸው፤ በ1999 የጃፓኑ አራይና ባልደረቦቹ ተከተሉ። «ራጅ» የሚለውን ቃል ከጣሊያንኛ ለተዋሰ ቋንቋ ይህ ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። ምስሉ የሚገነባባቸው ጥቃቅን ኩቦች ጎናቸው እኩል፣ ስፋታቸውም ከ0.075 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሐኪሙ አጥንቱን በፈለገው አቅጣጫ «ቆርጦ» ያያል። በላይኛው አንደኛ መንጋጋ ጥርስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰወረውን አራተኛውን የሥር ቦይ መፈለግም በዚሁ ይቀላል።

ይሁን እንጂ ማየት አንድ ነገር፣ መጥቀም ሌላ ነው። ከላይ ያነሣነውን ጥርስ በተመለከተ ሕመምተኞችን በዕጣ መድበው ያነጻጸሩ ጥናቶች፣ ባለ ሦስት አቅጣጫው ምስል የነርቭ ጉዳትን በእርግጥ እንደሚቀንስ አላሳዩም። ሐኪሙ ዕቅዱን ሊለውጥ ይችላል፤ ውጤቱ ግን የግድ አይለወጥም። ተራው ራጅ ሥሩና ቦዩ ተራርቀው ካሳየ፣ በእኛ አስተያየት ተጨማሪው ምስል ትርፍ ወጪ ነው።

ድክመቶቹም የታወቁ ናቸው። ድድንና ጡንቻን ለይቶ አያሳይም። የግራጫው መጠን እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ቋሚ መለኪያ ስለሌለው የአጥንትን ጥግግት በቁጥር ለመናገር አያስተማምንም። ከሁሉ የሚያሳስበን የብረት ነገር ነው፤ አክሊል ወይም በሥሩ ውስጥ የተተከለ የብረት ዘንግ በዙሪያው ጥቁርና ነጭ ሰንበር ይረጫል። ጥቁሩ ሰንበር ስንጥቅ መስሎ ታይቶ ጤነኛ ሥር ሊያስነቅል ይችላል።

የጨረሩ መጠን ከመሣሪያ መሣሪያ እጅግ ይለያያል፦ ከ10 ማይክሮሲቨርት አካባቢ አንሥቶ እስከ 1000 ገደማ። መንጋጭላውን በሙሉ የሚያሳየው ተራ ራጅ በአብዛኛው ከ30 በታች ነው፤ ከተፈጥሮ አካባቢያችን በዓመት የምንቀበለው በዓለም አማካይ 2400 ያህል ይሆናል። አዋቂን የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም። ሕፃናት ግን ለጨረር ይበልጥ ስሱ ስለሆኑ፣ የልጆቻችንን ጥርስ ለማስተካከል የሚነሣ ምስል ምክንያቱ ሊጠየቅ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ያወጣው መመሪያም ምስሉ በልማድ ለሁሉ እንዳይነሣ፣ እያንዳንዱም በሕመምተኛው ታሪክና ምርመራ እንዲመዘን ይጠይቃል።

በስደት ለምንኖር ሁለት ነገር እናክላለን። አንደኛ፣ የተነሣው ምስል ከጥርሱ ውጭ የአፍንጫ ዙሪያ ዋሻዎችንና አንዳንዴም የአንገት አጥንትን ስለሚይዝ፣ ሙሉውን ማን እንዳነበበው መጠየቅ ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ምስሉ ዳይኮም በሚባል የጋራ ቅርጽ ይቀመጣል፤ ቅጂውን በእጁ የያዘ ሰው ከአንድ አገር ወደ ሌላ ሲዛወር፣ ወይም ለጉብኝት የመጡ ወላጆቹ ሕክምናውን በአገር ቤት ሊጨርሱ ሲመለሱ፣ ያው ምስል ዳግመኛ እንዲነሣ አይገደድም።