ሰልባትዮው አልከፈት ሲል

የመስቀል ሰሞን ነው። ሆሳዕና፣ አንድ ማደያ ውስጥ ተሰልፈናል። ከፊታችን ባጃጅ፣ ከኋላችን ባጃጅ፣ በጎን በኩል ሞተር ሳይክል። መኪናው የአጎቴ ልጅ ነው፤ ከገዛው ሁለት ወር አልሞላውም። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቻርጅ የሚደረግ፣ ቤንዚንም የሚጠጣ ቻይና ሠራሽ ሃይብሪድ ነው። የምንሄደው ዶዮገና፣ አያታችን ዘንድ፣ ለመሳላ ነው። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ እሳቸውን ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፤ የዓይን ቀጠሮ አለባቸው።

ተራችን ደረሰ። ቀጂዋ ታርጋችንን ስልኳ ላይ አስገብታ፣ መቅጃውን ይዛ መጣች። «ክፈተው» አለችው። የአጎቴ ልጅ በመሪው ግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የሆነ የቻይንኛ ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ። ወረደና የነዳጅ በሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። «ይሄ ኤሌክትሪክ አይደል እንዴ? ቤንዚን ሰልፍ ላይ ምን ይሠራል?» የሚልም ሰማሁ። ቀጂዋ ጨዋ ናት፤ «ወንድሜ፣ እስኪከፈትልህ ዳር ያዝ፣ ሰው ላስተናግድ» አለችው። ዳር ያዝን። እኛ ከበሩ ጋር ስንታገል ቤንዚኑ አለቀ ተባለ።

እውነቱን ለመናገር የአጎቴ ልጅ ያንን መኪና ራሱ ነዳጅ ሞልቶት አያውቅም። ሲገዛው ሰልባትዮው ውስጥ የነበረው ቤንዚን ነው እዚህ ድረስ ያመጣው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየማታው ቤቱ ቻርጅ እያደረገ በባትሪ ብቻ ነበር የሚሄደው። የነዳጁ መርፌ ወደ ታች አዘንብሎ፣ ባትሪውም ተሟጦ ዶዮገና ገባን።

ዶዮገና ማታ ብርድ ነው። ደጋ ነው፤ እንሰት፣ በግና ጭጋግ። እሳት ዳር ተቀምጠን ቆጮው እስኪቀርብ ድረስ ነገሩ አላስተኛኝ ሲል የመኪናውን ቁልፍ ተቀብዬ ወጣሁ። በሩ የሚከፈትበትን ቁልፍ ተጫንኩና ጽሑፉ ብልጭ ሲል በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ፎቶውን መተርጎሚያ መተግበሪያው ላይ ጫንኩት። ኔትወርኩ ተንቀራፎ ተንቀራፎ መልሱን አመጣ፦ ግፊት እየተለቀቀ ነው፣ ይጠብቁ።

ይጠብቁ! እኛ ግን ማደያው ውስጥ በየአምስት ሴኮንዱ ስንጫነው ነበር። እንደገና አንዴ ብቻ ተጫንኩና እጄን ሰብስቤ ቆጠርኩ። ሃያ ላይ ስደርስ «ጠቅ» ብሎ በሩ ተከፈተ። አያታችን ከደጅ ሆነው እያዩ፣ «ይሄን ለማወቅ ነው እንዲህ ያመሻችሁት?» አሉን።

እንግዲህ መኪናው አልተበላሸም ነበር። ይህ ነገር ሶኬት ላይ የሚሰካ ሃይብሪድ የያዘ ሁሉ አንድ ቀን ስለሚያጋጥመው ከነምክንያቱ ማወቁ ይጠቅማል። ቤንዚን ሲሞቅ ይተናል። ተራ መኪና ላይ ተኑ ከሰል ወዳለበት አንድ ሳጥን ይሄድና እዚያ ይያዛል፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ያንን ተን ስቦ ያቃጥለዋል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ሃይብሪድ ግን ሞተሩ ሳይነሳ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ ከሰሉ በተን ይሞላና ትርፉ ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ አምራቾች ሰልባትዮውን አጠንክረው ይሠሩና እንደ ፕሬዥር ድስት ጥርቅም አድርገው ይዘጉታል። ቁልፏን ስትጫኑ መጀመሪያ አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ግፊቱ ይወጣል፤ በሩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ግፊት እያለ ቢከፈት ቤንዚኑ ፊታችሁ ላይ ሊረጭ ይችላል።

ጥበቃው አንዳንዴ ጥቂት ሴኮንድ፣ አንዳንዴ ደቂቃ ያልፋል። ቀኑ ሞቃት ከሆነና ሰልባትዮው ባዶ ከሆነ (ባዶ ቦታ ማለት የተን ቦታ ነው) ይረዝማል። ከፍታም አለበት። ከሐላባ ሙቀት ተነስታችሁ በዱራሜ በኩል ወደ ደጋው ስትወጡ የውጭው አየር ግፊት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ውስጥ የታመቀው ግን ያው ነው። የታሸገ ብስኩት ደጋ ላይ ሲነፋ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ እሱ ነው። ተራ መኪና እንኳ ክዳኑ ሲከፈት «ፍስስ» የሚለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቁልፏን መጫን ያለባችሁ ቀጂዋ ስትመጣ ሳይሆን ከፊታችሁ ሁለት ባጃጅ ሲቀር ነው። ከተከፈተ በኋላም ሰዓት አለው፤ ብዙ ከቆየ መኪናው መልሶ ሊዘጋው ስለሚችል በጣም ቀድማችሁም አትጫኑ። ደግሞ መኪናውን አጥፉት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሃይብሪድ ድምፅ ስለሌለው ነው። ቀጂዋም እናንተም የጠፋ ይመስላችኋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው ከበራ ግን ሞተሩ ባትሪው ሲቀንስበት በራሱ ፈቃድ ይነሳል፣ ቤንዚን እየተቀዳ ቢሆንም እንኳ።

ጠብቃችሁም ካልተከፈተ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ትንሹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ከደከመ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን ምንም አይረዳም። ብዙ መኪኖች ለዚህ ቀን ብለው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ በነዳጅ በሩ በኩል ባለው ሽፋን ሥር የእጅ መሳቢያ ገመድ ያስቀምጣሉ። የት እንዳለ ዛሬ ፈልጉ፤ ሰልፍ ላይ ፖፖውን፣ ሻንጣውን፣ የበዓሉን ቅቤ እያወረዱ መፈለግ አያምርም።

ሁለተኛው ችግር ሌላ ነው፦ በሩ ይከፈታል፣ ቤንዚኑ ግን አይገባም። መቅጃው «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለ ይቋረጣል። ይሄኛው ተራውንም ሃይብሪድ፣ ሃይብሪድ ያልሆነውንም ያገኘዋል። መቅጃው ጫፍ ላይ አየር የምትስብ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ደርሶ ቀዳዳዋን ሲደፍናት መሳቡ ይቋረጥና ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተስቦ መቅጃውን ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ምን የለው፤ በጣም ብልህ ነገር ነው። ችግሩ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ሲያጣ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀዳዳዋን ይነካታል፤ መቅጃውም ሞላ ብሎ ያስባል።

አየሩ ለምን መውጫ ያጣል? ብዙውን ጊዜ ያ ከሰል ያለበት ሳጥን ወይም መተንፈሻው ስለተደፈነ ነው። ሳጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ሥር፣ ወደ ኋላ በኩል ነው ያለው፤ አቧራ መንገድ የሚውል መኪና ላይ ምን እንደሚደርስበት መገመት አይከብድም። ነፍሳትም ይገቡበታል። ይሄ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ማዝዳ ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ማዝዳ 6 የተባለ መኪናውን ከ50 ሺህ በላይ የጠራው ሸረሪት መተንፈሻ ቱቦው ውስጥ ድር ስላደራበት ነበር። ሸረሪቷን የሳባት የቤንዚኑ ሽታ ነው ተብሏል።

ሌላው ምክንያት የእኛው ልማድ ነው። ቤንዚን ነገ ይኑር አይኑር ስለማናውቅ «ጢም አድርጊው» እንላለን። መቅጃው ከተቋረጠ በኋላም ይጨመራል፤ አንዳንዱማ ትንሽ እንዲገባለት መኪናውን ይወዘውዛል። አልፈርድበትም። ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ቤንዚን ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ከገባ ወዲህ እንኳ ስንት ጊዜ ጨመረ፣ ሰልፉም አለ። ግን ያ ትርፍ ቤንዚን የሚሄደው ወደ ከሰሉ ነው። ከሰሉ ተን እንጂ ፈሳሽ እንዲይዝ አልተሠራም፤ አንዴ ከረጠበ በሚቀጥለው ጊዜ መቅጃው ገና ግማሽ ሳይሞላ ይቋረጥባችኋል። ለግማሽ ሊትር ብላችሁ የምታበላሹት ዕቃ ደግሞ ሆሳዕናም ዱራሜም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

«ጠቅ፣ ጠቅ» ሲላችሁ ቀጂዋን ቀስ አድርጋ እንድትቀዳ ጠይቋት። መቅጃውን ትንሽ ወደ ውጭ ማውጣት ወይም ወደ ጎን ማዞርም ይረዳል፤ የአንዳንድ መኪና ቱቦ ጠመም ያለ ስለሆነ ቤንዚኑ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል። ሌላ ማደያ ላይ ደህና ከገባ ጥፋቱ የመቅጃው ነበር ማለት ነው። ሁሉም ቦታ ከተቋረጠ መካኒክ ዘንድ ሂዱና ሰልባትዮውን ሳይሆን መተንፈሻውን እንዲያይ ንገሩት። ይህን የምለው ሰልባትዮ አውርዶ አጥቦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ችግሩን እንዳለ የሚመልስ ስላለ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ከፋብሪካው ይሆናል። የ2019 እና የ2020 ሞዴል ቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ ገዝተው የነበሩ አሜሪካውያን 55 ሊትር ይይዛል የተባለው ሰልባትዮ ብዙ ሊትር ሲቀረው አልቀበልም እያለ አስቸግሯቸው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ኩባንያውም የሰልባትዮው ቅርጽ ሙሉ በሙሉ እንዳይሞላ እንደሚያደርገው አምኖ፣ ሰልባትዮውንና የነዳጅ መጠን ጠቋሚውን በመቀየር ነው ያስተካከለው። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ይህ ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቁ።

ለዶዮገና ዓይነት ብርድ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሮጌው ፕሪየስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2009 ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ፕሪየስ ሰልባትዮው ውስጥ እንደ ፊኛ የሚለጠጥና የሚኮማተር ከረጢት አለው። ተን እንዳይኖር ታስቦ ነው። ብርድ ሲሆን ከረጢቱ ይደርቅና አልለጠጥ ይላል፤ የሚይዘውም ያንሳል፣ መርፌውም በትክክል አይናገርም። ለአውሮፓ የተሠራው ይህ ከረጢት የለውም። ስለዚህ ፕሪየስ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው መኪናው ከየት እንደመጣ ነው። ከአሜሪካ ከሆነ ደጋ ከመውጣታችሁ በፊት ሞቅ ባለ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ሙሉት። በጉልበት መሙላት ለዚህ መኪና ጭራሽ አይሆንም።

ስለ ሃይላንዱም ላንሳ። ማደያ ሲያልቅ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ሕገ ወጥ ነው፤ በዚያ ላይ ውስጡ ውኃ ይሁን ነጭ ጋዝ አይታወቅም። እኛም ጠዋት አንድ ልጅ ሁለት ጠርሙስ ይዞልን መጥቶ ነበር። የእኛ መኪና ክዳን የለውም፤ በሩ ሲከፈት በስፕሪንግ የሚዘጋ ሽፋን ነው ያለው፤ የሚከፈተውም ትክክለኛ ውፍረት ያለው መቅጃ ሲገባበት ነው። የተቆረጠ ጠርሙስ እንደ ማንቆርቆሪያ ይዘን ስንሞክር ሁሉም መሬት ላይ ፈሰሰ። እንዲህ ዓይነት መኪኖች ለችግር ጊዜ የሚሆን የራሳቸው ማንቆርቆሪያ ከትርፍ ጎማው ወይም ከክሪኩ አጠገብ ይኖራቸዋል፤ የእኛውን የቀድሞው ባለቤት ይጣለው ሻጩ አናውቅም፣ የለም። በዊንጭ የሚከፍቱት አሉ። ሽፋኑ ከታጠፈ ግን አቧራ እንደልቡ ይገባል።

ቤንዚን ያለቀበት ሃይብሪድ በባትሪ ጥቂት ይሄዳል ብላችሁም አትመኩበት። ትልቁ ባትሪ ጨርሶ ከተሟጠጠ ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ቤንዚን ቢጨመርላቸውም ሞተራቸውን ማስነሳት ያቅታቸዋል። ኬብል ዘርግታችሁ ከሌላ መኪና ባትሪ ብታገናኙም የምትረዱት ትንሹን ባትሪ ብቻ ነው።

እኛ ሌሊቱን ከአያታችን ቤት ሶኬት ላይ ሰክተነው ነበር። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ ሆኖም ለሆሳዕና የሚበቃ ገባ። አብዛኛውም ቁልቁለት ነበር። እዚያው ማደያ ሄድን፤ ቤንዚን ገብቷል፤ ሰልፉ ካለፈው ይረዝማል። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ነዳጅ በመላው አገሪቱ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ የስልኬ ባትሪም እያሳሰበኝ ነበር፤ ሌሊቱን ሶኬቷን የያዛት መኪናው ነዋ!

ከፊታችን ሁለት ባጃጅ ሲቀር የአጎቴ ልጅ ቁልፏን አንዴ ተጫነና እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። አያታችን ከኋላ ወንበር ሆነው ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። ሃያ ስድስት ላይ ጠቅ አለ። ቀጂዋ ያችው ነበረች፤ አወቀችን። «ዛሬስ ተከፈተ?» አለች። ቀስ አድርጋ ቀዳች፤ መቅጃው አንዴ ሲቋረጥ አቆመች፤ የአጎቴ ልጅም «ጨምሪበት» አላላትም። ለቀጠሮው ደረስን። ቁልፏ ላይ አሁን ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባታል፣ በእስክሪብቶ «አንዴ ተጫን፣ ጠብቅ» የሚል።