የተማረ ያስተምር

ትልቅ ሰው ፊደል ሊቆጥር ሲነሳ መጀመሪያ የሚታገለው ከኀፍረቱ ጋር ነው፤ ስለዚህም ለብቻው ቢማር ይቀለዋል። በአሜሪካ፣ ሲራኪዩስ ከተማ፣ ወይዘሮ ሩት ኮልቪን በ1962 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ጎልማሶችን ማንበብና እንግሊዝኛ መናገር ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነው። ማኅበሩ በ2002 አሜሪካዊው ፍራንክ ላውባክ ካቋቋሙት ድርጅት ጋር ተዋሐደ። የላውባክ መርሕ የተወለደው ደግሞ በፊሊፒንስ፣ በላናኦ ሙስሊሞች መካከል ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመምህራን ደመወዝ ሲቋረጥ አንድ የማራናኦ አለቃ የተማረ ሁሉ ሌላውን እንዲያስተምር አዘዙ፤ ትምህርቱም አልቆመም።

እኛስ? በአንድ ቤት እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅና የመድኃኒቷን ጽሑፍ ማንበብ የሚቸግራት እናት አብረው ይኖራሉ። ወጣቶች ሆይ! በሳምንት ሁለት ሰዓት እንስጣቸው። ሳንስቅባቸው፣ እነርሱ ከሚፈልጉት ቃል እንጀምር።