ጎንደር የሚባለው ሰርጓጅ መርከብ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአገሬው ሰው «ባሕር» ሲል ጣናን ማለቱ ነው፤ መርከቡም ከደንገል የተሠራ ታንኳ ነው። ያም ሆኖ ስሟን የተሸከመ የጦር ሰርጓጅ መርከብ ሜዲትራንያን ሥር ተቀብሯል።

ስም አውጪው ፋሺስት ጣሊያን ነው። ከተማዋን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ያዘ፤ «ጎንደር»ን ላ ስፔዚያ ከተማ አጠገብ አሠርቶ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ውኃ ላይ አዋለ። ዕለቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 3 ነበር፤ የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን ለመውረር የመረብን ወንዝ የተሻገረበት ሁለተኛ ዓመት። የአንድ መደብ ወንድሞቹ አሥራ ስድስት ናቸው፦ አድዋ፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ ደሴ እያለ ይቀጥላል። ዝርዝሩ የወረራ ካርታ ይመስላል። የመደቡ መጠሪያ ደግሞ አድዋ መሆኑ፣ የ1888ቱን ሽንፈት በቀለም ለማጥፋት የተሞከረ ነው የሚያሰኘው።

ሰርጓጅ መርከብን ዓለም እንዲፈራው ያደረጉት ግን ጀርመኖች ናቸው። የባሕር ኃይላቸው የመጀመሪያውን ሰርጓጅ ኡ-1ን የተረከበው በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ነው። ሞተሩ በላምባ ይሠራ ስለነበር ከላይ ሲጓዝ ጭሱ ከሩቅ ያሳብቅበት ነበር። ለጠላቂው ትልቁ ነውር ይህ ነው። እንደዚያም ሆኖ ኡ-9 የተባለው ባለላምባ መርከብ መስከረም 12 ቀን 1907 ዓ.ም. በአንድ ጠዋት ሦስት የእንግሊዝ መርከቦችን አስጥሞ ከ1,400 በላይ ሰዎች ገደለ።

በኋላ ላምባው በናፍጣ ተተካ። ከላይ ሲሄድ የናፍጣው ሞተር መርከቡን ይገፋል፣ ባትሪም ይሞላል፤ ከሥር አየር ስለሌለ ባትሪው ብቻ ይሠራል። ባትሪ ሲያልቅ መውጣት ግድ ነው። «ጎንደር»ም በዚሁ ሥርዓት ይኖር ነበር፦ ከላይ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር፣ ከሥር 14 ገደማ፤ የተፈቀደለት ጥልቀት 80 ሜትር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1932 ዓ.ም. መድፉ ተነቅሎ በጀርባው ላይ ሦስት ትልልቅ በርሜሎች ተገጠሙለት። በውስጣቸው ጣሊያኖቹ «አሳማ» የሚሏቸው፣ ሁለት ሁለት ጠላቂዎች እንደ በቅሎ የሚቀመጡባቸው ቶርፔዶዎች ነበሩ። ዓላማው እስክንድርያ ወደብ ሾልኮ ገብቶ በእንግሊዝ መርከቦች ሆድ ሥር ፈንጂ ማሰር ነው። አጠገቧ ሲደርስ ግን «መርከቦቹ ወጥተዋል፤ ተመለስ» የሚል ትእዛዝ መጣለት። በመመለስ ላይ ሳለ ስቱዋርት የተባለችው የአውስትራሊያ የጦር መርከብ አገኘችው። ሌሊቱን ሙሉ ቦምብ ዘነበበት፤ ከ150 ሜትር በታች ወረደ። መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ ባትሪውም አየሩም ሲመናመን ወጣ፤ መርከበኞቹ ራሳቸው አሰጠሙት። አንድ ሰው ሞተ፣ የተቀሩት ተማረኩ። ከምርኮኞቹ አንዱ «አሳማ»ውን ከፈለሰፉት ሁለት መሐንዲሶች አንዱ ኤልዮስ ቶስኪ ነበር።

«አድዋ»ም በዓመቱ፣ ያውም በዚያው መስከረም 20 ሰጠመ።

ከተማዋ ጎንደር ነፃ የወጣችው «ጎንደር» ከሰጠመ ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠውም እዚያው ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ሽሬ» ያደረሳቸው «አሳሞች» እስክንድርያ ገብተው ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ጎዱ። የኢትዮጵያ ከተሞች ከእጃቸው ከወጡ በኋላም ስማቸው ለሮም ይዋጋ ነበር ማለት ነው።

ከአሥራ ሰባቱ ከጦርነቱ የተረፈው «አላጌ» ብቻ ነው፤ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጁን የሰጠበት ተራራ ስም።