ከእሳቱ በፊት ሚዛኑ፦ ስለ ትንሿ ሮኬት የሚባለውና እውነቱ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሮኬት አመጠቀች ብሎ የሚያወራ ዛሬም አይጠፋም። የመጠቀችው ግን ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለች፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ሳተላይት ናት። ይዟት የወጣው ከታይዩዋን የተነሳው ሎንግ ማርች 4ቢ የተሰኘ የቻይና ሮኬት ነው። ጭነቱ የእኛ፣ መኪናው የሰው።

ከወረቀት ቱቦ፣ ከባልሳ እንጨትና ከፕላስቲክ አፍንጫ ተገጣጥማ፣ ቀለም ተቀብታ ስለምትተኮሰው ሞዴል ሮኬት የሚወራው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ድሬዳዋ ላለ ልጅ ዕቃውን ከውጭ የመጣ ዘመድ ሊያመጣለት ይችላል፤ ምክሩን ግን ሰፈሩ ሁሉ በነጻ ያቀርባል።

«ያው ርችት ናት» የሚለው ግማሽ እውነት አለው፤ በትንሹ ሞተር ውስጥ የታመቀው ባሩድ ነውና። ርችት ግን አንዴ ፈንድቶ ያልቃል። ሞዴል ሮኬት የምትሠራው እንድትመለስ ነው። ባሩዱ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነዶ ያልቃል፤ ሮኬቷ በያዘችው ፍጥነት ጥቂት ከፍ ካለች በኋላ ሁለተኛ ትንሽ ፍንዳታ አፍንጫዋን ገፍቶ ፓራሹቱን ያወጣል። ሞተር ተቀይሮላት ደግማ ትነሳለች። ይህን መላ እ.ኤ.አ. በ1954 የዘየደው በነብራስካ ግዛት፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ጫማ ይሸጥ የነበረው ኦርቪል ካርላይል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት ባለሙያ ሐሳቡን ተቀብሎ ከደኅንነት ሕጎች ጋር አስፋፋው። በዚያ ዘመን ቤታቸው ባሩድ እየቀመሙ አካላቸውን የሚያጡ ወጣቶች ነበሩ። ሞተሩ በፋብሪካ ተሠርቶ እንዲቀርብ የተደረገው ማንም እንዳይቀምም ነው።

ስለዚህ «የክብሪት ጭንቅላት ሰብስቦ መጠቅጠቅ ይበቃል» የሚል ካለ አይሰማ። በጠባብ ቱቦ የታመቀ ክብሪት መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም፤ ሲፈነዳ ደግሞ ሮኬት ሳይሆን ቦምብ ነው። በፋብሪካ የተሠራው ሞተር እንኳ በክብሪት አይለኮስም፤ አምስት ሜትር ያህል ርቆ በባትሪና በሽቦ ነው።

«አየሩን እየገፋች ነው የምትወጣው» የሚለው የተማረንም ያሳስታል። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ1920 ሮኬት አየር በሌለበት አይሠራም ብሎ በሮኬት ተመራማሪው በሮበርት ጎዳርድ ላይ አሾፈ፤ ስህተቱን ያረመው በ1969 አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ እየበረረች ሳለ ነው። ሮኬትን ወደ ላይ የሚገፋት ራሷ ወደ ታች የምትተፋው ጋዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት፦ «ትልቅ ሞተር ከሆነ ይበልጥ ያምራል»። በሞተሩ ላይ ኤ8-3 ተብሎ ቢጻፍ፣ ፊደሉ የጉልበቱን ጠቅላላ መጠን፣ 8 አማካይ ግፊቱን በኒውተን፣ 3 ደግሞ ግፊቱ ካበቃ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ የሚቆየውን ሰከንድ ይናገራል። ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ሲኬድ ጉልበቱ በየደረጃው እጥፍ ይሆናል፤ ሞተሩም ይከብዳል። የሚቀመጠው ጅራቷ ላይ ስለሆነ የክብደቷን ማዕከል ወደ ኋላ ይስባል። የክብደት ማዕከሏ አየሩ ተደምሮ ከሚገፋበት ነጥብ ቢያንስ የቱቦውን ውፍረት ያህል መቅደም አለበት። ካልቀደመ በሰማይ ላይ ትገለባበጣለች፤ ሰው ወዳለበት ልትዞርም ትችላለች። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሞተሩና ፓራሹቱ ገብተው ሳለ ሚዛኗ በሚቆምበት ቦታ ክር አስሮ በራስ ላይ ማሽከርከር። በአፍንጫዋ ከመራች ደህና ናት። በጅራቷ ከመራች አፍንጫዋ ላይ ክብደት ይጨመር ወይም ክንፎቿ ይስፉ።

እዚህ ላይ ነው «ቀለም ለውበት ነው» የሚለው የሚወድቀው። ትንሿ ሮኬት ያለ ሞተሯ ብዙ ጊዜ 50 ግራም እንኳ አትሞላም፤ ክንፎቿ ላይ የተደራረበ ቀለም ሚዛኗን ወደ ኋላ ይጎትታል። በሌላ በኩል የባልሳው ሸካራነት ካልተደፈነና በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ አየሩ ይይዛታል። ስስ ቅብ፣ ማለስለስ፣ ደግሞ ስስ ቅብ ነው መንገዱ። ክንፍ የሚጣበቅበት ቦታም አስቀድሞ አይቀባም፤ ኮላው ቀለሙን እንጂ እንጨቱን አይይዝም። የድሬ ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እኩለ ቀን ላይ የሚረጨው ቀለም ገና በአየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ሻክሮ ያርፋል፤ አቧራውም ይጨመርበታል። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ መቀባት ይሻላል። ሞተሩንም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ክፉ ነው። እየጋለ እየቀዘቀዘ የሰነበተ ባሩድ ከግድግዳው ይላቀቅና ሲለኮስ ሊፈነዳ ይችላል።

«ድሬ ቆላ ናት፣ አየሯ ከባድ ነው» የሚሉም አሉ። ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር ልክ ነው። ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሯ በባሕር ዳርቻ፣ በ15 ዲግሪ ካለው አየር በአምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሮኬቷ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ በፓራሹት ስትወርድም ትፈጥናለች። ያም ሆኖ የሲ ሞተር የያዘች ትንሽ ሮኬት የምትደርሰው ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ጠፈር ቀርቶ የደንገጎን ተራራ አታልፍም።

«ታዲያ ለመተኮሻ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ባዶ አይደል?» ባዶው ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ዝናቡ ከላይ ከደጋው ስለሚመጣ የድሬ ሰማይ መጥራቱ ዋስትና አይሆንም። ግራና ቀኙም መኖሪያ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ሩቅ አይደለም። ከከተማ የራቀ ሜዳና የሚመለከተው አካል ፈቃድ ያስፈልጋል። ሞተሩን በመንገደኛ ሻንጣ ማምጣትም ክልክል ስለሆነ፣ ከውጭ የመጣች ሮኬት ቡፌ ላይ ጌጥ ሆና ብትቀር አይገርምም።

ባሩድ የማይፈልገው መንገድ የውኃ ሮኬት ነው፤ እዚህም «ማንኛውም ሃይላንድ ይሆናል» ይባላል። አይሆንም። የውኃ ጠርሙስ ስስ ነው፤ ግፊት እንዲችል የተሠራው የለስላሳው ጠርሙስ ነው። ውኃው ሲሶ ያህል ይበቃል፤ ከሞላ ለሚታመቀው አየር ቦታ አይቀርም። ክንፉ ከካርቶን እንጂ ከቆርቆሮ አይሠራ። በጎማ መንፊያ የሚነፋውም ሰው ረዥም ቱቦ ይዞ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ጠርሙሱ ቢፈነዳ ወይም ያለጊዜው ቢነሳ ፊቱን እንዳያገኘው።