የግል ትምህርት ቤቶች በኢትዮጵያ

የግል ትምህርት ቤት ማለት ባለቤትነቱ የመንግሥት ያልሆነ፣ ወጪውንም በዋናነት ወላጆች ከሚከፍሉት ክፍያ የሚሸፍን ትምህርት ቤት ነው። በኢትዮጵያ የግል ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምራሉ። ሕልውናቸው በወላጅ የመክፈል አቅም ላይ የተመሠረተ ስለሆነ አብዛኞቹ የሚገኙት በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ነው፤ በገጠር እጅግ ጥቂት ናቸው።

ታሪክ

ከመንግሥት ውጭ የሚተዳደሩ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶችን ቀድመው የከፈቱት ሚሲዮኖችና የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአዲስ አበባ ከተከፈቱት መካከል ሳንፎርድ ትምህርት ቤትና ሊሴ ገብረ ማርያም ይገኙበታል።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የግል ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ የሕዝብ ንብረት አደረጋቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ «የሕዝብ ትምህርት ቤት» ተብለው በኮሚቴ እየተመሩና መጠነኛ ክፍያ እየተቀበሉ ቀጠሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለግል ባለሀብቶች በሩን ዳግም ከፈተ። ዛሬ የሚታዩት አብዛኞቹ የግል ትምህርት ቤቶች ከዚህ ፖሊሲ በኋላ የተቋቋሙ ናቸው።

የባለቤትነት ዓይነቶች

በዕለት ተዕለት አነጋገር ሁሉም «የግል» ቢባሉም አንድ ዓይነት አይደሉም።

ለትርፍ የተቋቋሙ፦ በግለሰብ፣ በቤተሰብ ወይም በአክሲዮን ማኅበር የተያዙ ናቸው። ትርፉ የባለቤቶቹ ነው።

የሃይማኖት ተቋማት ትምህርት ቤቶች፦ ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ግቢና ሕንፃ አላቸው። የቤት ኪራይ ስለማይከፍሉ ክፍያቸውን ዝቅ ማድረግ ይችላሉ።

የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፦ የሚተዳደሩት በወላጆች ኮሚቴ ነው፤ የተረፈው ገንዘብ ለትምህርት ቤቱ ሥራ ይውላል።

የውጭ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች፦ የሌላ አገር ወይም ዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ክፍያቸውን የሚተምኑት በውጭ ምንዛሪ ነው።

የገቢ ምንጮች

ዋናው ገቢ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ የሚሰበሰበው የትምህርት ክፍያ ነው። ከዚህ ሌላ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ የተማሪ ማመላለሻ (ሰርቪስ)፣ የደንብ ልብስና የመጻሕፍት ሽያጭ እንዲሁም የክረምት ትምህርት ገቢ ያስገኛሉ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን ደመወዛቸውን ከመንግሥት በጀት ሲያገኙ፣ ለትርፍ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ግን በተማሪ ቁጥር የሚሰላ የመንግሥት ድጎማ የለውም።

ብዙ ባለሀብቶች ሥራውን የሚጀምሩት በመዋዕለ ሕፃናት ሲሆን በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍል እየጨመሩ ያድጋሉ። ለሕፃናት አንድ ሞግዚትና አንድ መምህርት ብዙ ሰዓት ይሸፍናሉ። ሁለተኛ ደረጃ ግን ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የተለየ መምህር፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ይጠይቃል። በርካታ ትምህርት ቤቶች 8ኛ ክፍል ላይ የሚቆሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የወጪ አወቃቀር

ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው። ከደመወዙ በተጨማሪ አሠሪው ለሠራተኛው ጡረታ 11 በመቶ ያዋጣል፤ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ። ቀጥሎ የሚመጣው የቤት ኪራይ ነው። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት ለመኖሪያ በተሠሩ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ስለሆነ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ክፍያም ይጨምራል።

የሚከተለው ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ስሌት ነው እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ አይደለም። አንድ ክፍል 40 ተማሪዎች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በወር 2,500 ብር ቢከፍል፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ ባሉት 10 ወራት 1,000,000 ብር ይገባል። የክፍሉ ድርሻ የሆነው ደመወዝና ኪራይ በወር 75,000 ብር ቢሆን፣ ወጪው በክረምትም ስለማይቆም በ12 ወር 900,000 ብር ይሆናል። የሚተርፈው 100,000 ብር ነው። አምስት ተማሪዎች ቢለቁ ግን ገቢው በ125,000 ብር ይቀንሳል፤ ወጪው ባለበት ስለሚቆይ ክፍሉ 25,000 ብር ይከስራል። በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ተማሪዎችን ቁጥር ከፍ የማድረግ ግፊት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ግብርና ብድር

የትምህርት አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ስለዚህ በወላጅ ክፍያ ላይ 15 በመቶ አይጨመርም። በሌላ በኩል ትምህርት ቤቱ ወንበር፣ ኮምፒዩተር ወይም ሌላ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ አይችልም፤ ወጪው በተዘዋዋሪ ወደ ክፍያው ይገባል። በድርጅት መልክ የተቋቋመ ትምህርት ቤት ከትርፉ ላይ 30 በመቶ የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል።

ባንኮች ለማበደር ብዙውን ጊዜ ሕንፃን የመሰለ መያዣ ይጠይቃሉ። በኪራይ ቤት የሚሠራ ትምህርት ቤት መያዣ ስለሌለው መነሻ ገንዘቡን ከቤተሰብ፣ ከዕቁብ ወይም ከሸሪኮች ያሰባስባል። የራሱን ሕንፃ ለመገንባት ደግሞ የከተማ ቦታ በሊዝ ማግኘት ይኖርበታል።

የክፍያ ጭማሪ

የክፍያ ጭማሪ በወላጆችና በትምህርት ቤቶች መካከል በየዓመቱ ክርክር ያስነሳል። ትምህርት ቤቶቹ የኪራይ፣ የደመወዝና የነዳጅ ዋጋ መናርን በምክንያትነት ያቀርባሉ። ወላጆች በበኩላቸው ደመወዛቸው በዚያው ልክ እንዳላደገ ይናገራሉ። በአዲስ አበባ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ትምህርት ቤቶች ጭማሪ ከማድረጋቸው በፊት ከወላጆች ጋር እንዲወያዩ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ልጁ ጓደኞቹንና መምህራኑን የለመደበትን ትምህርት ቤት ማስለወጥ ቀላል ስላልሆነ የወላጅ የመደራደር አቅም ውስን ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ክርክሩ በጣም ከረረ። ልጆቻቸው ቤት የዋሉባቸው ወላጆች ሙሉ ክፍያ መክፈል ተገቢ አይደለም አሉ፤ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ያለ ክፍያ የመምህራንን ደመወዝ መክፈል አንችልም አሉ። ከወርሃዊ ክፍያ ሌላ መጠባበቂያ የሌለው አሠራር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ በዚያን ጊዜ ታይቷል።

የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥራት፦ ከፍተኛ ክፍያ ለከፍተኛ ጥራት ማረጋገጫ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠው የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወላጆች የትምህርት ቤቱን የፈተና ውጤት ጠይቀው መመዝገብ ልማድ እየሆነ መጥቷል።

ቋንቋ፦ ፖሊሲው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ቢያዝም፣ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማርን እንደ ዋና መስህብ ያቀርቡታል።

እኩልነት፦ መክፈል የሚችለው ቤተሰብ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያወጣ፣ ለዚያ ትምህርት ቤት መሻሻል የሚሟገተው ወላጅ ይቀንሳል የሚል ስጋት አለ። በአንጻሩ የግል ትምህርት ቤቶች ባይኖሩ ተማሪዎቹን ሁሉ የመቀበል ሸክም በመንግሥት ላይ ይወድቅ ነበር የሚሉ አሉ።

ቀጣይነት፦ አከራዩ ቤቱን ሲፈልገው ወይም ባለቤቱ ሲከስር ትምህርት ቤት ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ጊዜ መምህራን ሥራ ያጣሉ፤ ወላጆችም ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋና ሌላ የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠብቃቸዋል። ተማሪው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለመዛወር የትምህርት ማስረጃው ስለሚያስፈልገው፣ ወላጆች የየዓመቱን ካርድ በእጃቸው ማቆየታቸው ይጠቅማቸዋል።