ኪሎ ማውረድ ብልሃት አይደለም

ባለፈው የቦክስ ውድድር ማግስት አንድ የ17 ዓመት ልጅ ጓንቱን መልሶልኝ ሄደ። ክንዱ ረጅም፣ ዐይኑ ፈጣን ነበር። 63 ኪሎ የሚመዝነውን ልጅ «እዚያ በቁመት የሚስተካከለው የለም» ብለን ወደ 57 ያወረድነው እኛ አሰልጣኞቹ ነን። ላስቲክ ለብሶ ሮጠ፣ ውሃ ተከለከለ፣ ጠዋት ሚዛኑን አለፈ። በሁለተኛው ዙር እግሩ ከዳው። ተስማምቼበት ነበርና እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

«ኪሎ አውርድና ትንንሾቹን ግጠም» የሚለውን ምክር መስማት ሰልችቶኛል። በውሃ ጥም የወረደ ልጅ ቁመቱን ይዞ ይወርዳል፤ ጉልበቱን ግን ትቶት ነው። ፕሮፌሽናሎቹ በዋዜማው ተመዝነው እስከ ማግስቱ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። የእኛ ልጆች የሚመዘኑት በሚጋጠሙበት ቀን ጠዋት ነው፤ ካሸነፉም ለሚቀጥለው ግጥሚያ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣሉ። መቼ ሊያገግሙ ነው?

ደግሞስ ታላላቆቹ የገነኑት ወርደው ነው? ማኒ ፓኪያዎ እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በ50.8 ኪሎ ክልል ነበር፤ በ2010 ያሸነፈው ቀበቶ ግን እስከ 69.8 ኪሎ የሚፈቀድበት ነው። በመካከሉ እየወጣ፣ እየወጣ በስምንት የክብደት ክልሎች ነገሠ። ኦሌክሳንድር ኡሲክም ከታችኛው ክልል ወጥቶ በ2024 ሪያድ ላይ በቁመትም በኪሎም እጅግ የሚበልጠውን ታይሰን ፉሪን አሸነፈ።

ቁመትና ክብደት ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም። ረጅም ክንድ ያለው ሰው ርቀቱን ጠብቆ መምታት ይችላል። ነገር ግን ርቀት የሚጠበቀው በእግር ነው፤ እግር ደግሞ ከአስተዳደግ ይመጣል። የቦክሰኛው ቫሲል ሎማቼንኮ አባት፣ አሰልጣኝ ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ከቦክስ አውጥቶ ለዓመታት የዩክሬን ባህላዊ ጭፈራ እንዲማር ልኮታል። ልጁ በ2008 እና በ2012 የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ።

ኩባንም ተመልከቱ። ቴዎፊሎ ስቴቨንሰን በከባድ ሚዛን ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ፤ ጊየርሞ ሪጎንዶ በ54 ኪሎ ሁለት። የአንዱ ቁመና ከሌላው ጋር አይገናኝም። ያገናኛቸው ልጅን ገና በለጋነቱ መልምሎ፣ አብልቶ፣ ለዓመታት አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ሚዛን የሚነግረን ልጁ ከማን ጋር እንደሚጋጠም እንጂ ምን ይዞ እንደሚገባ አይደለም።

የሙያ ባልደረቦቼ፣ ልጁን ሚዛን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁት። ስንት ዓመት ሠለጠንክ? ከማን ጋር ተለማመድክ? ቀን ምን ትሠራለህ? ማታ ምን በላህ? የ17 ዓመት ልጅ ገና እያደገ ነው፤ የምንቀንስበት ኪሎ ነገ የሚያስፈልገው ነው። እኔ ከእንግዲህ ልጆቼን የማስመዘግበው በልተው ጠጥተው በሚመዝኑት ኪሎ ብቻ ነው።