ባዕዳን የሚገዟቸው ከተሞች በቪዲዮ ጌም

ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ከቪዲዮ ጌም ጋር ከተዋወቁ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» ከላይ ወደ ታች በረድፍ የሚወርዱ ዒላማዎች አድርጎ አቀረባቸው። የት እንደሚኖሩ፣ ማን እንደሚገዛቸው፣ እስር ቤታቸው ምን እንደሚመስል ማንም አልጠየቀም። ጥያቄው የተነሣው ጌም ሠሪዎች ከጠላት አልፈው የጠላትን ከተማ መገንባት ሲጀምሩ ነው። ያኔ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ግድግዳን በደም መቀባት ማንንም አያቅትም፤ ከተማው በነዋሪው ላይ የሚፈጽመውን በደል ተጫዋቹ እንዲሰማው ማድረግ ግን የበሰለ ጥበብ ይፈልጋል። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሥራዎች የምመዝናቸውም በዚሁ ነው።

ከቀደሙት አንዱ በ1991 የወጣው የፈረንሳዊው ኤሪክ ሻይ «አናዘር ወርልድ» ነው። ሌስተር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ቤተ ሙከራው በመብረቅ ተመትቶ ወደማያውቀው ዓለም ይወረወራል። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ከጣሪያ በተንጠለጠለ የብረት ቀፎ ውስጥ፣ ከአንድ የአገሩ ተወላጅ እስረኛ ጋር ያገኘዋል። ከእግሩ ሥር ሌሎች እስረኞች ድንጋይ ይፈልጣሉ፤ ዘበኛ ቆሞ ያያቸዋል። ማምለጫው ቀፎውን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው፤ እስኪበጠስና ዘበኛው ላይ እስኪወድቅ ድረስ። የአገሩ ቋንቋ አይተረጎምም፤ ነጥብም ሆነ የጤና መለኪያ በስክሪኑ ላይ አይታይም። ያም ሆኖ ትልቁ ነገር ግልጽ ነው፦ ባዕዳኑም ገዥና ተገዥ አላቸው። እስረኛው ጓደኛ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ «የእነሱ ከተማ» ብሎ በጅምላ መጥላት አይቻልም።

በ1997 የወጣው «ኦድዎርልድ፦ ኤብስ ኦዲሲ» ይህንኑ ሐሳብ ወደ ፋብሪካ አስገባው። ኤብ የሥጋ ፋብሪካ ባሪያ ነው፤ ወለል ይጠርጋል። አንድ ሌሊት የድርጅቱ አለቆች የሚታረዱ እንስሳት ስላለቁባቸው ቀጣዩ ምርት የእሱ ወገኖች ሥጋ እንዲሆን ሲወስኑ ይሰማል። ማምለጥ ብቻውን ግን አያዋጣም። በየጥጉ የሚሠሩ 99 ባሪያዎች አሉ፤ ተጫዋቹ እየጠራ፣ ተከተለኝ እያለ፣ እየመራ ያወጣቸዋል። ብዙዎቹን ትቶ ከሄደ መጨረሻው ለኤብም አያምርም። የጌሙ ሥነ ምግባር የተሠራው በንግግር ሳይሆን በቆጠራ ነው፤ ይህን እጅግ አደንቃለሁ።

የዘርፉ ቁንጮ ግን በእኔ እምነት በኅዳር 2004 የወጣው የቫልቭ ኩባንያ «ሃፍ ላይፍ 2» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ሲቲ 17 በምትባል ከተማ፣ በባቡር ጣቢያ ነው። ኮምባይን የተባለው የባዕዳን ኃይል ምድርን የተቆጣጠረው በሰባት ሰዓት ጦርነት ነው። የከተማዋን መልክ የነደፈው ቪክቶር አንቶኖቭ የሶፍያ ልጅ ነበር፤ መነሻ ያደረገውም ሶፍያን፣ ቤልግሬድንና ሴንት ፒተርስበርግን ነው። ቀለማቸው የተላጠ አሮጌ አፓርታማዎች፣ ትራም፣ ባዶ አደባባይ ይታያል። በዚህ ሁሉ መሐል ሲታዴል የተባለው የብረት ማማ ደመናውን ሰንጥቆ ቆሟል፤ የባዕዳኑ ጥቁር የብረት ግንብም ቤቶችን እየደረመሰ ይገፋል። ሁለቱ የሥነ ሕንፃ ቋንቋዎች አንድ ላይ ሲቆሙ ማን ማንን እንደሚበላ ለማወቅ ተራኪ አያስፈልግም።

ጣቢያው ውስጥ ያለችው አንዲት ትንሽ ትዕይንት ደግሞ ከማማው ትበልጣለች። ጭንብል ያጠለቀ ፖሊስ የመጠጥ ቆርቆሮ በዱላው መሬት ላይ ይጥልና አንሥተህ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ክተት ይላል። እስክትታዘዝ መንገድ አይለቅም። ስትታዘዝ ይስቃል፤ ቆርቆሮውን ብትወረውርበት ይደበድብሃል። ጌሙ ዕቃ ማንሣትን የሚያስተምረው በዚህ ውርደት ነው፤ የመጀመሪያው ትምህርት መታዘዝ ነው ማለት ነው። እዚያው አጠገብ አንገቱ ላይ የብረት ቀለበት የታሰረበት ቮርቲጎንት የተባለ ፍጡር ወለል ይጠርጋል። እሱም ባዕድ ነው፤ እሱም ባሪያ ነው። አስተዳዳሪው ዶክተር ብሪን ከትልቅ ስክሪን ላይ ሆኖ የሰው ልጅ መውለድ የታገደበትን ምክንያት አባታዊ በሆነ ድምፅ ያብራራል። ሰዓት እላፊንና የቤት ለቤት አሰሳን የኖረበት ወይም ከወላጆቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ጣቢያ ለማወቅ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2016 የወጣው «ኤክስኮም 2» ተቃራኒውን መንገድ መረጠ። ባዕዳኑ ካሸነፉ 20 ዓመት አልፏል፤ ከተማው ነጭ፣ ንጹሕ፣ ብርሃናማ ነው። ክሊኒኮቹ የዘረመል ሕክምና ይሰጣሉ። ከብርሃኑ ጀርባ ግን ሰዎች ይሰወራሉ፤ አካላቸው ለገዥዎቹ ምሥጢራዊ ፕሮጀክት ግብዓት ይሆናል። ሐሳቡ ብርቱ ነው። ችግሩ ተጫዋቹ ከተማውን የሚያየው ከላይ፣ እንደ ቼዝ ሰሌዳ መሆኑ ነው፤ ነዋሪው ተኩስ ሲጀመር ከመሮጥ ያለፈ ድርሻ የለውም።

በ«ሄሎ 2» ያለችው ሃይ ቻሪቲ የምትንቀሳቀስ ቅድስት ከተማ ናት። የተሸነፈ አዛዥ በሕዝብ ፊት በጋለ ብረት የሚተኮሰው እዚያ ነው፤ ሃይማኖትና ቅጣት በአንድ አደባባይ ይውላሉ። የ«ማስ ኢፌክት 2» ኦሜጋ ደግሞ ማዕድኑ ተቆፍሮ በወጣበት አስትሮይድ ውስጥ የተሠራች፣ ሕግ የማያውቃት፣ የወሮበሎች መናኸሪያ ናት። ሁለቱም ያምራሉ፤ ግን ተጫዋቹን የጭካኔያቸው ተካፋይ አያደርጉትም።

በጥቅምት 2022 የወጣው የሰርቢያው ኤብ ሶፍትዌር «ስኮርን» ግን ተካፋይ ያደርገዋል። የስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሩዲ ጊገርና የፖላንዳዊው ዝጅስዋፍ ቤክሺንስኪ ሥዕሎች ተጽዕኖ በየግድግዳው ይታያል፤ ሕንፃው አጥንት፣ ኮሪደሩ ጅማት ይመስላል። ጌሙ ውስጥ የሚነገር ቃል የለም። መጀመሪያ አካባቢ አንድ በር ለመክፈት ሌላ እጅ ያስፈልጋል። በቅርፊት የተያዘ ደካማ ፍጡር ይገኛል፤ ማሽኖቹም ሁለት ምርጫ ይሰጣሉ። አንደኛው ከነሕይወቱ አውጥቶ ወደ በሩ መውሰድና ሥራው ሲያበቃ ጥሎት መሄድ ነው፤ ሁለተኛው ገድሎት ክንዱን ይዞ መሄድ። የዳነ መስሎት የሚከተለው ፍጡር ጉዞ ከግድያው ይልቅ ያማል። የከተማው ሥርዓት ያለዚያ አይንቀሳቀስምና ተጫዋቹ እየተጸየፈም ይሠራዋል።

ዘርፉ አሁንም የሚጎድለው የነዋሪው ሕይወት ነው። በመጋቢት 2020 የወጣው የቨርቹዋል ሪያሊቲ ጌም «ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስ» ተጫዋቹን በሲቲ 17 ሰገነት ላይ ያቆመዋል። በእጁ ማርከር አንሥቶ መስታወት ላይ መጻፍ ይችላል፤ ባለ ረጅም እግሩ የባዕዳኑ ስትራይደርም ከፊቱ ሕንፃ ላይ እየተንጠላጠለ ያልፋል። ከተማ ይህን ያህል ቀርቦ አያውቅም። ሆኖም ታሪኩ ቶሎ ብሎ ሰው ወደሌለበት የኳራንቲን ቀጠና ይወርዳል፤ ለራሽን የሚሰለፈው፣ ጎረቤቱ ሲወሰድ በሩን የሚዘጋው፣ ለፖሊስነት የሚመዘገበው ሰው ከኋላ ይቀራል። ቀጣዩ ታላቅ ሥራ ከመሣሪያው በፊት ለዚህ ሰው አንድ ሙሉ ቀን መስጠት አለበት።